አማካሪ የለም፣ በጀት የለም፤ የተማሪዎችን ደኅንነት ከየት እንጀምር?

ጥያቄ፦ «በፒያሳና በአራት ኪሎ መካከል ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ኃላፊ መምህርት ነኝ። ክፍሌ 58 ተማሪ አለው። ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ቢሄዱም ትምህርት ቤታቸውን ያልለቀቁ ልጆች አሉ፤ ያረፍዳሉ፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ጠብ በዝቷል። አንዲት ተማሪዬ ሦስት ሳምንት ሆናት ከሰው አታወራም፤ በፀሐይም ቢሆን እጅጌዋን አትሰበስብም። ከወረዳ ‹ትምህርት ቤቱን ምቹና ከሥጋት ነፃ አድርጉ› ተብለን ባነር ሰቅለናል፣ ክበብ አቋቁመናል፣ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አስቀምጠናል። ሳጥኑ ባዶ ነው። አማካሪ የለንም፣ በጀትም የለም። ምን እናድርግ?»

መልስ፦

በልጅቷ እንጀምር። ሌላው ሁሉ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ብዙ አይጎዳም፤ የእሷ ግን ለነገ አይባልም።

ዝምታና የማይሰበሰብ እጅጌ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል። ራሷን እየጎዳች፣ ቤት ውስጥ እየተመታች ወይም ጨርሶ ሌላ ነገር ገጥሟት ይሆናል። ስለዚህ መልሱን አስቀድመው ይዘው አይሂዱ። ሌሎች ተማሪዎች በማይሰሙበት፣ በሩ ግን ገርበብ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያናግሯት። ፊት ለፊት መቀመጥ ቢሮ ተጠርቶ እንደመመርመር ይሰማታል። መግቢያው አጭር ይሁን፦ «ሰሞኑን ዝም ብለሻል፤ ምሳም ብቻሽን ነው የምትበዪው። ልቆጣሽ አይደለም የጠራሁሽ፤ አሳስበሽኝ ነው።» ከዚያ ዝም ይበሉ። የአንድ ደቂቃ ዝምታ ለመምህር ረጅም ነው፤ ለእሷ ግን «ልናገር ወይስ ልተወው» የምትልበት ጊዜ ነው። ዛሬ ካልተናገረች «ሐሙስም በዚህ ሰዓት እዚህ ነኝ» ብለው ይልቀቋት፤ ሐሙስ ደግሞ በእርግጥ ይገኙ። «እጅጌሽን ሰብስቢና አሳዪኝ» ግን ፈጽሞ አይበሏት።

እዚህ ላይ ደጋግሞ ነገር የሚያበላሸው ቃል መግባት ነው። «ቲቸር፣ ለማንም አትናገሪም አይደል?» ትልዎታለች። «አልናገርም» ካሉ በኋላ መናገር ግድ ሲሆንብዎት ልጅቷ ያላትን አንድ ሰው ታጣለች። የሚያዋጣው መልስ ይህ ነው፦ «ሕይወትሽን የሚነካ ነገር ከሆነ ብቻዬን ልይዘው አልችልም። ግን ለማን እንደምናገር መጀመሪያ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

የተስፋ መቁረጥ ነገር ከሰሙ «ብሞት ይሻላል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ብዙ መምህራን ጥያቄው ሐሳቡን የሚያስገባባት እየመሰላቸው ይሸሹታል። አያስገባባትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀለው ሸክምን ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ብቻዋን አትሆንም፤ ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ ሰው አብሯት ይሁን። በዚያው ቀን ከቤተሰቧ የምታምነው ትልቅ ሰው ይጠራ፤ አክስትም አያትም ሊሆን ይችላል፣ የግድ አባት አይደለም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በቀጥታ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ትወሰድ። ጸበልም ጸሎትም ቤተሰቡ ከፈለገ ይቀጥል፤ ከሐኪሙ ጋር ግን ይሁን እንጂ በሐኪሙ ፋንታ አይሁን። ቤተሰቡን «ወይ ይህ ወይ ያ» ብሎ ማስመረጥ ልጅቷን ከሕክምና ማራቅ ነው።

የተናገረችው ጾታዊ ጥቃት ከሆነ ሰዓቱ መቆጠር ጀምሯል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል። ገላዋን ሳትታጠብ ትሂድ፤ ልብሷ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ይዞ ማስረጃውን ያበላሻል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ፤ ልጅቷ ታሪኳን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደግመው ያግዛል። ለምን፣ የት፣ እንዴት እያሉ አይመርምሯት፤ ያ የባለሙያዎቹ ሥራ ነው። የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ ከቀንና ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ።

ጉዳቱ ከቤት የሚመጣ ከመሰለዎት ደግሞ «ወላጅ አምጪ» የሚለውን ልማድ ይርሱት። ያን ቀን ማታ ቤት የሚጠብቃት ዱላ ሊሆን ይችላል። መንገዱ በርዕሰ መምህሩ በኩል ወደ ወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ እንደ ክብደቱም ወደ ፖሊስ ነው። «የቤት ገመና ነው፤ በሽማግሌ ይያዝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ሽምግልና ለተጣሉ ጎረቤቶች ጥሩ ነው፤ በሕፃን ላይ ለተፈጸመ ጥቃት ግን የጥቃት አድራሹ መጠለያ ይሆናል።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። ባነሩና ክበቡ ያልሠሩት የእናንተ ስንፍና ሆኖ አይደለም። ሥጋት ቦታና ሰዓት አለው፤ ባነር ደግሞ የለውም። ልጆች «ትምህርት ቤቱ ያስፈራኛል» አይሉም። የሚያስፈራቸው ከጀርባ ያለው ሽንት ቤት በእረፍት ሰዓት፣ ደረጃው ደወል ሲደወል፣ በሩ ላይ መውጫ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሥራው ቦታውንና ሰዓቱን አውቆ ትልቅ ሰው እዚያ ማቆም ነው። ገንዘብ አይጠይቅም።

አንድ ክፍለ ጊዜ ይውሰዱ። ሰሌዳው ላይ ግቢውን በትልቁ ይሳሉ፦ በር፣ ሜዳ፣ ብሎኮቹ፣ ደረጃው፣ የምገባ አዳራሹ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቧንቧው። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ወረቀት ይስጡና ልጆቹ ካርታውን ይገልብጡበት። የሚፈሩበት ቦታ ላይ የኤክስ ምልክት አድርገው ከጎኑ «እረፍት»፣ «ምሳ»፣ «መውጫ» ብለው ይጻፉ። የማንም ስም አይጻፍ፤ ጥግ ላይ «ወ» ወይም «ሴ» ብቻ። ሲሠሩ በወንበሮቹ መሐል አይዞሩ፤ ከዞሩ ሁሉም ሜዳው ላይ ምልክት አድርጎ ያስረክብዎታል። አንድ ልጅ የምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ላይ ወይም አንድ መማሪያ ክፍል ላይ ምልክት ካደረገ «ይሄ ማነው?» ብለው አይፈልጉት። ከሁሉም ወረቀት የሚበልጠው ያ ነው።

58ቱን ወረቀት መቁጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የወንዶቹንና የሴቶቹን ለየብቻ ይቁጠሩ፤ ሁለት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ሊመስሉዎት ይችላሉ። የወንዶቹ ምልክት ሜዳና በር አካባቢ፣ የሴቶቹ ሽንት ቤትና ወደ ታክሲ የሚወስደው የለከፋ መንገድ ላይ መብዛቱ የተለመደ ነው።

ከዚያ የተረኛ መምህራኑ ጉዳይ ይነሣ። ተረኝነት በየትምህርት ቤቱ አለ፤ ችግሩ ተረኛው የሚቆምበት ቦታ ነው። ባንዲራው ሥር ወይም መምህራን ማረፊያ በር ላይ ሻይ ይዞ የቆመ ተረኛ ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው የሚደርሰው። የተረኞች ዝርዝር ላይ ከስሙ ጎን ቦታ ይጻፍ፦ አንዱ የሽንት ቤቱ መግቢያ በሚታይበት፣ አንዱ ደረጃው ላይ፣ መውጫ ሰዓት ላይ አንዱ ከበሩ ውጭ ለ20 ደቂቃ። ለ10 የትምህርት ቀናት ይሞከርና ካርታው እንደገና ይሣል። ምልክቱ ወደ ሌላ ጥግ ከተዛወረ ተረኛውም አብሮ ይዛወራል። የጽዳት ሠራተኞቹንም ይጠይቁ፤ ማን ከማን ጋር የት እንደሚደበቅ ከመምህራን ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ስለ ሽንት ቤት አንድ ነገር ላክል፣ ሰው ሲያፍርበት ችግሩ ስለሚኖር። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና መሽኛ ይላል። ወደዚያ ለመድረስ ግንባታ ያስፈልግ ይሆናል። ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። መቀርቀሪያ የሌለው ሽንት ቤት ያለባት ልጅ ውኃ አትጠጣም፣ ቀኑን ሙሉ ትይዛለች፣ የወር አበባ ሲመጣ ደግሞ ትቀራለች።

ከሩቅ የሚመጡትን ልጆች በተመለከተ ጉዳዩን ከሥነ ሥርዓት ጉዳይ ያውጡት። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ለባንዲራ ሰልፍ ለመድረስ ከንጋቱ 11፡30 ከቤት የሚወጣ የ13 ዓመት ልጅ ለዕድሜው የሚያስፈልገውን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ አያገኝም። ያንቀላፋል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ ይደባደባል። ያጣውም አውቶቡሱን ብቻ አይደለም፤ አብሮ አደጎቹን፣ ሱቁን፣ ኳስ ሜዳውን፣ «የማነህ ልጅ?» ብሎ የሚቆጣውን ጎረቤት ጭምር ነው።

አሁን በሩን እንየው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሞላ ዘበኛው ይዘጋል፤ 2፡10 የደረሰ ልጅ ውጭ ይቀራል። «ይቀጣል፣ ይማርበታል» ነው ሐሳቡ። በተግባር ልጁ አንድ ሰዓት ተኩል ተጉዞ መጥቶ መሐል ከተማ ላይ ያለ ጠባቂ ተለቀቀ ማለት ነው፤ ፑል ቤቱም ጫት ቤቱም አይርቅም። በሦስተኛው ቀን መፎረፍ ይለምዳል። ከዚህ የበለጠ አደገኛ ቦታ በካርታው ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያውም ራሳችን የፈጠርነው።

የሚሠራው አሠራር ቀላል ነው። ትንሹ በር እስከ 2፡45 ክፍት ይቆያል። ዘበኛው ጋ ደብተር ይኖራል፤ ልጁ ስሙን፣ ክፍሉንና የመጣበትን ሰፈር ጽፎ በዝምታ ይገባል። የክፍል ኃላፊዋ አርብ አርብ ደብተሩን ታያለች። በሳምንት ሦስት ጊዜ ያረፈደ ልጅ የሚጠየቀው «ለምን?» ሳይሆን «በምንድን ነው የምትመጣው? ስንት ሰዓት ትነሣለህ?» ነው። ምናልባት ከአንድ ሰፈር የሚመጡ አራት ልጆች አብረው ቢንቀሳቀሱ ይቀላቸው ይሆናል፤ ምናልባት ወላጆቹ በዓመቱ መጨረሻ ዝውውር ማሰብ ይኖርባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ቁርሱ ነው። ምገባው ከትምህርት በፊት ስለሚያልቅ ያረፈደው ልጅ ከሁሉም ርቆ መጥቶ ከሁሉም በባዶ ሆድ ይውላል። ከመጋቢ እናቶቹ ጋር ተነጋግረው በደብተሩ ቁጥር ልክ ቁርስ እንዲቆይላቸው ያድርጉ። «ባለጌ ሆኗል» የተባለ ልጅ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጸባዩ ሲለወጥ ሊያዩ ይችላሉ።

ዱላን በተመለከተ ሕጉ አያሻማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል፤ ኩርኩም፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክና የጎማ ቁራጭ ሁሉ በዚሁ ውስጥ ነው። ነገር ግን ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ «ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው» ብሎ ከተወው አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዱላው ወደ ምላስ ይዞራል፦ «አንተ ደደብ»፣ «የሰው መሳቂያ»፣ «እናትሽ ይህን ብታይ»። ምላስ ምልክት ስለማይተው አይከሰስም፤ ልጁ ላይ ግን ይቆያል። 58 ልጅ ፊት የቆመ መምህር ዱላውን ሲያስቀምጥ በምትኩ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል።

ምትኩ ደወሉ ሳይደወል በር ላይ ቆሞ በስም መቀበል ነው። 58 ስም ብዙ ይመስላል፤ በቀን ስድስት ቢይዙ በ10 ቀን ያልቃል። ልጅ ሲረብሽ ከሩቅ ከመጮኽ ማስተማሩን ሳያቋርጡ ወደ ወንበሩ ቀርቦ መቆም። ካላቆመ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «ዳዊት፣ ደብተርህን አውጣ፤ ከክፍል በኋላ እናወራለን።» የተሰበረው ይጠገን፣ የተሰደበው ይካስ፣ የባከነው ጊዜ በእረፍት ይሞላ፤ ምገባ መከልከል ግን ቅጣት አይሆንም። ለዋናው አስቸጋሪ ልጅ ደግሞ በቀን ሁለት ደቂቃ ለ10 ተከታታይ ቀናት ስለ ትምህርትም ስለ ጸባይም ያልሆነ ወሬ ያውሩት፤ ስለ አርሰናል፣ ስለ ወንድሙ፣ ስለ ጫማው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ትከሻውን ነቅንቆ ይሄዳል። አይተዉት።

«ያለ ዱላ አፍሪካ ውስጥ አይሠራም» ለሚሉ ባልደረቦችዎ፦ በዩጋንዳ ሉዌሮ ወረዳ በ42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተካሄደ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። መምህራንና ተማሪዎች አብረው ደንብ በሚያወጡበትና አማራጭ ቅጣት በሚለማመዱበት ፕሮግራም ከ18 ወር በኋላ ከሠራተኞች የሚደርሰው አካላዊ ጥቃት 42 በመቶ ዝቅ ብሎ ታይቷል።

ጠቡን ሲያዩ መጀመሪያ መለየት ያለብዎ ጠብ ነው ወይስ ጉልበተኝነት የሚለውን ነው። ሁለት እኩዮች በኳስ ተጣልተው ቢደባደቡ ማስታረቅ ይቻላል። አንዱ ሌላውን ሆን ብሎ፣ ደጋግሞ፣ በጉልበት ወይም በብዛት በልጦ የሚያበሽቅ ከሆነ ግን «በሉ ተቃቀፉ፣ ታረቁ» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ተጎጂው ሰልፍ ፊት የሚፈራውን ልጅ አቅፎ ይስቃል፤ ከበሩ ውጭ ሒሳቡን ይከፍላል። ለየብቻ 10 ደቂቃ ያናግሯቸው፤ ከተጎጂው ይጀምሩ። ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተጎጂውን «እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኛው ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ይሠራና ቀጣዮቹን ሦስቱን ይረሳል፤ ጉልበተኛው ደግሞ መርሳታችንን ያውቃል። ዙሪያውን ቆመው የሚያዩትንም አይርሱ። በካናዳ በካሜራ የተቀረጹ የእረፍት ሰዓት ጥቃቶች እንዳሳዩት፣ እኩያ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይቆማል። ልጆቹ ከጉልበተኛው ጋር እንዲጋጠሙ አይጠበቅም፤ ተጎጂውን «ና፣ ቲቸር ትፈልግሃለች» ብሎ ይዞ መሄድ ይበቃል። ይህችን ዘዴ ክፍል ውስጥ ያለማምዷቸው።

ሳጥኑ ባዶ የሆነበት ምክንያት ያለበት ቦታ ነው፤ መቼም ቢሮ በር ላይ ሳይሆን አይቀርም። ወረቀት የጨመረውን ልጅ ሁሉም ያየዋል። ሳጥኑን ይተዉትና አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ለ58ቱም ሩብ ወረቀት ይስጡ። ሁሉም የግድ አንድ ነገር ይጽፋል፤ ምንም የሌለው «ምንም» ይበል፣ አበባ ይሣል። ሁሉም ስለሚጽፍ ማን እንደጻፈ አይታወቅም። አብዛኛው ስለ ወጡ ጨው ማነስና ስለ ሒሳብ ፈተና ይሆናል፤ ለእሱም ሰኞ ጠዋት በግልጽ መልስ ይስጡ። የጨው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ያየ ልጅ ነው በአምስተኛው ሳምንት ትልቁን ነገር የሚጽፍ።

ውጤት ስታነቡ ደረጃ በጩኸት መናገሩን ተዉት፤ ካርድ በእጅ ይሰጣል፣ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለውን ቤቱ ይጠይቀዋል። ክበቡ ይቀጥል፣ ጉዳት የለውም። አማካሪ ቢመጣም እሰየው፤ ግን አንድ ሰው ለ1 ሺህ ልጅ በር ከፍቶ መቀመጡ ከላይ ያልነውን አይተካም። የመምህራኑም ድካም አለ፤ ከሰዓት ማስጠናት የሚሮጥ ሰው ተረኛ ሁን ሲባል ማማረሩ አይቀርም። ስለዚህ የመውጫ ሰዓት ተራ በሳምንት ከአንድ ቀን አይብለጥበት።

ማስታወሻ ይያዙ፤ አንድ ደብተር፣ በስም ሳይሆን በቁጥር፣ የሚቆለፍ መሳቢያ ውስጥ። ያረፈዱ፣ የቀሩ፣ የተጣሉ በሳምንት ስንት እንደሆኑ ብቻ ይቁጠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የአቤቱታ ቁጥር ከፍ ይላል። ወረዳው ቢደነግጥ አይደንግጡ፤ በፊትም የነበረው አሁን እየተነገረ ነው። በስድስተኛው ሳምንት ካርታውን ያወዳድሩ።

ባነሩንም አያውርዱት። ከሥሩ አንድ ወረቀት ይለጥፉ፦ በእረፍት ሽንት ቤት ጋ ማን እንዳለ፣ መውጫ ሰዓት በር ላይ ማን እንደሚቆም፣ ልጅ የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥመው የትኛዋን መምህርት የት እንደሚያገኛት። መምህር ሲዛወር በዚያው ሳምንት ስሙ ይቀየር፤ የሌለ ሰው ስም ያለበት ወረቀት ልጅን ባዶ ክፍል በር ላይ ያቆመዋል።